የሪፍ ዓሦችን ዕድሜና እድገት ከጆሮ ድንጋያቸው ለማወቅ የሚያገለግል መመሪያ

በኮራል ሪፍ (ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት አጽም ተከማችቶ በሠራው አለት) ላይ የሚኖር ዓሣ ትልቅ ስለሆነ አርጅቷል፣ ትንሽ ስለሆነ ገና ወጣት ነው ማለት አይቻልም። ብዙዎቹ የሪፍ ዓሦች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ፈጥነው አድገው ወደ መጨረሻ መጠናቸው ይጠጋሉ፤ የቀረውን ረጅም ዕድሜያቸውንም መጠናቸው እምብዛም ሳይለወጥ ይኖራሉ። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ የተጠኑ ሰርጅንፊሾች በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ አብዛኛውን እድገታቸውን ጨርሰው ከ30 ዓመት በላይ እንደሚኖሩ ታውቋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኤቪዮታ ሲጊላታ የተባለችው ጥቃቅን ጎቢ ዕድሜዋ ቢበዛ 59 ቀን ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሮውሊ ሾልስ ከተያዙት ስናፐሮች መካከል ማኮሎር ማኩላሪስ የተባለው ዝርያ አባል የሆነ አንድ ዓሣ 81 ዓመት የኖረ መሆኑ ተቆጥሮ ተረጋግጧል። እንዲህ የተራራቀ ዕድሜ ባላቸው ዓሦች ላይ ርዝመትን ብቻ ይዞ ዕድሜ መገመት ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በጆሮ ድንጋይ ላይ ነው።

የጆሮ ድንጋይ ወይም ኦቶሊት ሚዛን ለመጠበቅና ለመስማት የሚያገለግል፣ ከካልሲየም ካርቦኔትና ከጥቂት ፕሮቲን የተሠራ ጠንካራ አካል ነው። ዓሣው በሕይወት እስካለ ድረስ በላዩ ላይ አዲስ ንጣፍ ይጨመርበታል፤ አጥንትና ቅርፊት በረኃብ ወይም በጉዳት ጊዜ ተመልሰው ሊሟሙ ሲችሉ የጆሮ ድንጋይ ግን አንዴ የተጣፈበት አይነሳም። ቅርፊት በተለይ ባረጁ ዓሦች ላይ ዕድሜን አሳንሶ የሚያሳየው ዓሣው ማደጉን ሲያቆም የቅርፊቱ ጠርዝም ስለሚቆም ነው። እንዲጠበቁ የተወሰነላቸውንና መግደል የማይገባቸውን ትላልቅ ዓሦች በተመለከተ፣ ለምሳሌ በጎልያድ ግሩፐር ላይ እንደተደረገው፣ ከጀርባ ክንፍ አጥንት ቁራጭ መውሰድ አማራጭ ነው፤ ሆኖም ዓሣው ሲያረጅ የክንፍ አጥንት መሃል ሊቦረቦር ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀለበቶች ሊጠፉ እንደሚችሉ ታሳቢ መደረግ አለበት።

ናሙና መሰብሰብ

ጥሩ የእድገት ጥናት የሚጀምረው ከሁሉም መጠን ዓሣ በማግኘት ነው። በአንድ ዓይነት መረብ ወይም መንጠቆ ብቻ የተያዙ ዓሦች መሃከለኛ መጠን ያላቸው ይሆኑና የእድገት ቀመሩ የሚያስፈልጉትን ሁለቱን ጫፎች፣ ማለትም በጣም ትንንሾቹንና በጣም አሮጌዎቹን፣ ያሳጣሉ። በመሆኑም ትላልቆቹን ከዓሣ አስጋሪዎች፣ ትንንሾቹን ደግሞ በጥቃቅን መረብና በማደንዘዣ በተናጠል መሰብሰብ ይገባል። በጦር የሚሰበሰብ ከሆነ ጭንቅላት ላይ መውጋት ድንጋዩን ስለሚሰባብር ከጭንቅላት በስተኋላ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ሕግ የሚጠየቀው የምርምርና የመያዣ ፈቃድ መያዝ አለበት።

እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠውና የተያዘበት ቀን፣ ሪፉ፣ ጥልቀቱና የቦታው ዓይነት ይመዝገብ። ርዝመቱን ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሹካ መሃል ወይም እስከ ጅራቱ ጫፍ በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ የትኛውን ዓይነት ርዝመት እንደለኩ ግን በግልጽ ይጻፉ፤ ሁለቱ የተቀላቀሉበት መዝገብ በኋላ ሊስተካከል አይችልም። ክብደቱ በግራም፣ ጾታውም የመራቢያ አካሉ ተከፍቶ ታይቶ ይመዝገብ። ዓሣውን ማቀዝቀዝ በድንጋዩ ላይ ጉዳት አያደርስም፤ ፎርማሊን ግን አሲድነት ስላለው ድንጋዩን ይበላዋልና ፈጽሞ አይጠቀሙ። ለትንንሽ ዓሦች 95 በመቶ አልኮል ይበቃል።

ድንጋዩን ማውጣት

በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ድንጋዮች አሉ፤ ሳጂታ፣ ላፒሉስና አስተሪስኩስ ይባላሉ። በአብዛኞቹ የሪፍ ዓሦች ትልቁና ለዕድሜ ቆጠራ የሚመረጠው ሳጂታ ነው። የሚገኘውም ከአንጎል ሥር፣ በራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ባለች ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ ነው።

ቀላሉ መንገድ ከላይ መክፈት ነው። ዓሣውን በሆዱ አስተኝተው በስለታም ቢላ ወይም በትንሽ መጋዝ ከዓይኖቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ጀምሮ ወደ ኋላ አግድም በመቁረጥ የራስ ቅሉን ክዳን ያንሱ። አንጎሉን ወደ ጎን ሲያደርጉ ግራና ቀኝ ሁለቱ ነጫጭ ድንጋዮች ይታያሉ፤ በቀጭን ወረንጦ ሳያስጨንቁ ያውጧቸው። ዓሣው ለገበያ የሚቀርብ ከሆነና ባለቤቱ የዓሣው ጭንቅላት እንዲበላሽ ካልፈለገ፣ የመተንፈሻ ክዳኑን አንስቶ በውስጥ ካለው የራስ ቅል ሥር ያለውን ክብ እብጠት በምላጭ በመክፈት ማውጣት ይቻላል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በማይሸጥ ዓሣ ላይ ቢለማመድ ይሻለዋል።

የወጣውን ድንጋይ ከተጣበቀበት ሽፋን በውኃ አጥበው፣ አድርቀው በትንሽ ብልቃጥ ወይም በወረቀት ፖስታ ውስጥ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ያስቀምጡ። ከደረቀ በኋላ እስከ ሚሊ ግራም አሥረኛ ድረስ በሚለይ ሚዛን ይመዝኑት። ጫፉ የተሰበረ ድንጋይ ከሚዛኑ መረጃ ይውጣ እንጂ አይጣል፤ እምብርቱ፣ ማለትም ድንጋዩ ማደግ የጀመረበት መሃል፣ ጤነኛ ከሆነ ለቆጠራ ያገለግላል። የድንጋይ ክብደት ዓሣው ማደግ ካቆመም በኋላ ስለሚጨምር ከርዝመት የተሻለ የዕድሜ ጠቋሚ ነው፤ ከተቆጠረው ዕድሜ ጋር በአንድ ሥዕል ላይ ሲቀመጥ ከሰልፉ ተለይተው የወጡ ነጥቦች ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ቆጠራን ያጋልጣሉ።

መቁረጥና ማለስለስ

ድንጋዩ ሳይቆረጥ በውኃ ወይም በዘይት ውስጥ ተነክሮ ሊነበብ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ለወጣት ዓሦች ብቻ ነው። ዓሣው ካረጀ በኋላ ድንጋዩ ወደ ውፍረቱ እንጂ ወደ ርዝመቱ ስለማያድግ አዳዲሶቹ ቀለበቶች ከውጭ አይታዩም፤ ያልተቆረጠ ድንጋይ ያነበበ ሰው ሠላሳ ዓመቱን ዓሣ አሥር ነው ሊል ይችላል። በእኔ አስተያየት የሪፍ ዓሣን በሚመለከት ሳይቆርጡ መቁጠር ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ኋላ ላይ ሥራውን ሁሉ እንደገና የሚያስጀምር ነው።

ከሁለቱ ሳጂታዎች አንዱን፣ ሁልጊዜም የአንዱን ወገን፣ ለመቁረጥ ይምረጡ፤ ሌላው በመጠባበቂያነት ይቀመጥ። ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ የሚያድግ በመሆኑ በእምብርቱ ካልተቆረጠ የውስጠኞቹ ቀለበቶች አይገኙም። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት እምብርቱ ያለበትን ቦታ በማይክሮስኮፕ ሥር አይተው በቀጭን እርሳስ መስመር ያስምሩበት። ቀጥሎ ድንጋዩን ኤፖክሲ በተባለ ደርቆ የሚጠነክር ሙጫ ውስጥ ይቅበሩት፤ ኤፖክሲው በደንብ ከደረቀ በኋላ የአልማዝ ምላጭ ባለው በዝግታ የሚዞር መጋዝ፣ የድንጋዩን ርዝመት አቋርጦ በሚያልፍ አቅጣጫ፣ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያላቸውን ሁለት ሦስት ተከታታይ ቁራጮች ይውሰዱ። አንዱ እምብርቱን ቢስተው ሌላው ይይዘዋል።

ቁራጩን በመስታወት ስላይድ ላይ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ይለጥፉ፤ ከዚያም በውኃ እያራሱ በ800 ቀጥሎም በ1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፍጩት፤ በመጨረሻም እጅግ በለሰለሰ የማለስለሻ ፊልም ያጽዱት። ጥቂት ጊዜ ከፈጩ በኋላ በየጊዜው በማይክሮስኮፕ እያዩ መመለስ ግዴታ ነው፤ ከሚገባው በላይ የተፈጨ ቁራጭ የእምብርቱን ንጣፍ አጥፍቶታልና ሌላ መፍትሔ የለውም። የአልማዝ መጋዝ በሌለበት ቦታ፣ ድንጋዩን በእምብርቱ ላይ ሰብሮ የተሰበረውን ፊት በትንሽ ነበልባል ቡናማ እስኪሆን ማሞቅ ቀለበቶቹን የሚያጎላ የቆየ ዘዴ ነው፤ በሁሉም ዝርያ ላይ ግን እኩል አይሠራም።

ቀለበት መቁጠር

በተቆረጠው ፊት ላይ ሁለት ዓይነት ቀለበቶች ይፈራረቃሉ፤ ብርሃን የማያሳልፈው ድፍን ቀለበትና ብርሃን የሚያሳልፈው አሳላፊ ቀለበት። ከሥር በሚመጣ ብርሃን ሲታይ ድፍኑ ጥቁር ይሆናል፤ ከላይ በሚወርድ ብርሃን በጥቁር መደብ ላይ ሲታይ ደግሞ ነጭ ይሆናል። በአንድ ጥናት ውስጥ አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ይጠቀሙ፤ አለዚያ መዝገቡ ላይ «ጥቁር» የተባለው ምን እንደሆነ ራስዎም አይለዩትም። አንድ ድፍንና አንድ አሳላፊ በአንድ ላይ አንድ ዓመት ናቸው፤ ግን ይህ ከተረጋገጠ ብቻ ነው፤ ስለ ማረጋገጫው ዝቅ ብሎ ይመጣል።

ቆጠራው የሚካሄደው ከእምብርቱ ተነሥቶ በድንጋዩ ውስጠኛ ፊት ላይ ባለችው ቦይ አጠገብ እስከ ጠርዝ ነው፤ ቀለበቶቹ በአብዛኛው እዚያ ተለይተው ይታያሉ። እውነተኛ ቀለበት በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ተከትሎ ሊታይ ይገባዋል፤ አንድ ቦታ ታይቶ ሌላ ቦታ የሚጠፋ መስመር ሐሰተኛ ነው። የእያንዳንዱን ቀለበት ርቀትም ያስተውሉ፤ በወጣትነት ዓመታት ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ጠርዙ ሲጠጋ እኩል እየጠበበ ይሄዳል፤ በመሃል በድንገት ጠብቦ እንደገና የሚሰፋ ከሆነ ተጨማሪ መስመር ቆጥረዋል ማለት ነው።

ትልቁ ችግር የመጀመሪያው ቀለበት ነው። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ የተድበሰበሰ በመሆኑ አንደኛውን ዓመት መሳት ወይም ሁለት ጊዜ መቁጠር ቀላል ነው፤ ይህም ስሕተት በሁሉም ዓሦች ላይ በእኩል መጠን አንድ ዓመት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። መፍትሔው ዕድሜያቸው በዕለታዊ ቀለበት የታወቀ፣ አንድ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ዓሦችን ድንጋይ መቁረጥና ከእምብርት እስከ ጠርዝ ያለውን ርቀት መለካት ነው፤ በአሮጌዎቹ ድንጋዮች ላይም የመጀመሪያው ዓመት የሚጠበቀው በዚያ ርቀት አካባቢ ነው።

ዕለታዊ ቀለበቶች

ጆርጂዮ ፓኔላ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆሮ ድንጋይ ላይ በየቀኑ የሚጨመሩ ንጣፎች መኖራቸውን ካሳየ ወዲህ የወጣት ዓሣን ዕድሜ በቀን መቁጠር ተችሏል። ለዚህ ድንጋዩ በጣም ቀጭን ሆኖ መፈጨት አለበት፤ የንባቡም ማጉያ ከዓመታዊው በጣም ይበልጣል። በብዙ የሪፍ ዓሦች እጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የተፈለፈለው ጨቅላ ዓሣ፣ ከክፍት ባሕር መጥቶ በሪፉ ላይ ሲሰፍር የቀለበቶቹ ስፋት በድንገት ይለወጣል፤ ከእምብርቱ እስከዚያ ምልክት ያለው ቁጥር እጩ በባሕር ውስጥ ተንሳፍፎ የቆየበትን ጊዜ ይነግራል። ለብዙ ዳምሰልፊሾች ይህ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ለሰርጅንፊሾች ከአንድ ወር በላይ ነው። ዓሣው እያደገ ሲሄድ ዕለታዊዎቹ ንጣፎች ስለሚጣበቡ ተራ ማይክሮስኮፕ ሊለያቸው ወደማይችልበት ደረጃ ይደርሳሉ፤ በመሆኑም ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ዓሣ ይህን ዘዴ መጠቀም አይመከርም።

ቀለበቱ በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑን ማረጋገጥ

በሞቃታማ ባሕር ክረምትና በጋ እምብዛም ስለማይለያዩ እዚያ ያሉ ዓሦች ዓመታዊ ቀለበት አይሠሩም የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ነበር። ይህን እምነት ያፈረሰው ዋናው ሥራ ኦክሲቴትራሳይክሊን በተባለው አንቲባዮቲክ የተደረገው ሙከራ ነው። የተያዘው ዓሣ በኪሎ ግራም ክብደቱ 50 ሚሊ ግራም ገደማ የዚህ መድኃኒት መርፌ ይወጋና ምልክት ታስሮለት ወደ ሪፉ ይመለሳል። መድኃኒቱ በዚያን ቀን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተጣፍቶ ይቀርና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ዓሣው ለምሳሌ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢያዝና ከሚያበራው መስመር ውጭ ሁለት ድፍን ቀለበቶች ቢቆጠሩ ለዚያ ዝርያና ለዚያ ዕድሜ ቀለበቱ ዓመታዊ መሆኑ ተረጋግጧል። መስመሩ በብርሃን ስለሚደበዝዝ ድንጋዮቹ በጨለማ ይቀመጡ፤ ተይዞ ሊበላ የሚችል ዓሣ ላይ ይህን መድኃኒት ከመጠቀም በፊትም ከሚመለከተው አካል ጋር መነጋገር ግድ ነው።

ምልክት አድርጎ መልሶ መያዝ የማይቻል ከሆነ ጠርዝን መከታተል ይቀላል። ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ዓሣ ይሰበሰብና በየወሩ ጠርዛቸው ድፍን የሆነው ከመቶ ስንት እንደሆነ ይመዘገባል፤ ይህ መቶኛ በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ብሎ ከታየ ቀለበቱ ዓመታዊ ነው። ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ግን በአሮጌ ዓሦች ጠርዙ እጅግ ቀጭን ስለሆነ አንባቢው የሚጠብቀውን ወደማየት ያዘነብላልና ወሩን ሳያውቅ እንዲያነብ ማድረግ ያስፈልጋል። ለረጅም ዕድሜ ዓሦች ደግሞ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉት የኑክሌር ፍንዳታዎች በባሕር ውስጥ የጨመሩት ራዲዮካርቦን (ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት) ያገለግላል፤ በድንጋዩ እምብርት ያለው መጠን በኮራል አጽም ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸርና ዓሣው በየትኛው ዓመት እንደተፈለፈለ ይመሳከራል።

የንባብ ስምምነት

እያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ፣ በንባቦቹ መካከል ሳምንታት አልፈው፣ የዓሣው ርዝመት ሳይታይ ይነበብ። ርዝመቱን ያወቀ አንባቢ ሳያስበው ቁጥሩን ከመጠኑ ጋር ያስታርቃል፤ ይህ ደግሞ ጥናቱ ሊፈትሸው የተነሣውን ነገር አስቀድሞ መወሰን ነው።

ስምምነቱ በቁጥር የሚገለጸው እንዲህ ነው። አንድ ድንጋይ በሦስት ንባብ 7፣ 8 እና 9 ቢሰጥ አማካዩ 8 ነው፤ መደበኛ ልዩነቱ 1 ስለሆነ የልዩነት ምጣኔው 1 ለ8፣ ማለትም 12.5 በመቶ ይሆናል። የሁሉም ድንጋዮች ምጣኔ አማካይ 5 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በአብዛኛው ጥሩ ይባላል። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ምጣኔ አንባቢዎቹ እንደተስማሙ እንጂ ትክክል እንደሆኑ አያሳይም፤ ሁለት ሰዎች የመጀመሪያውን ቀለበት በተመሳሳይ መንገድ ቢስቱ ፍጹም ይስማማሉ። የአንዱን አንባቢ ቁጥር በሌላው ላይ በሥዕል ማስቀመጥ፣ አንዱ በአሮጌ ዓሦች ላይ ብቻ ዝቅ አድርጎ የሚቆጥር መሆን አለመሆኑን ከምጣኔው ይልቅ በግልጽ ያሳያል።

ከቀለበት ቁጥር ወደ ዕድሜ

የቀለበት ቁጥር ራሱ ዕድሜ አይደለም። ዝርያው በብዛት እንቁላል የሚጥልበት ወቅት ጥር መጀመሪያ፣ ድፍኑ ቀለበት የሚጠናቀቀውም ጥቅምት አካባቢ ነው እንበል፤ የመጀመሪያው ቀለበት ያኔ የሚሠራው ዓሣው ዘጠኝ ወር ሲሞላው ነው። ስድስት ቀለበት ያለው ዓሣ በሐምሌ ቢያዝ ስድስተኛው ቀለበት የተጠናቀቀው በ5.75 ዓመቱ ስለሆነ ያለፉት ዘጠኝ ወራት ተጨምረው ዕድሜው 6.5 ዓመት ይሆናል። ከዚያው ትውልድ የሆነ ሌላ ዓሣ አራት ወር ቆይቶ በኅዳር ቢያዝ ሰባት ቀለበት ይታይበታል፤ ዕድሜው ግን 6.83 ዓመት ነው። ቁጥሩን እንዳለ የወሰደ ሰው በሁለቱ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ያያል። በፍጥነት በሚያድጉት የመጀመሪያ ዓመታት እንዲህ ያለው ስሕተት የእድገት መስመሩን በእጅጉ ያዛባል።

የእድገት መስመሩን ማውጣት

በስፋት የሚሠራበት ኦስትሪያዊው ባዮሎጂስት ሉድቪግ ፎን በርታላንፊ እ.ኤ.አ. በ1938 ያቀረበው ቀመር ነው። በቀመሩ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ዓሣው በአማካይ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ርዝመት፣ ወደዚያ የሚጠጋበት ፍጥነት፣ እና ርዝመቱ ዜሮ ይሆን የነበረበት ምናባዊ ዕድሜ። የመጨረሻ ርዝመቱ 400 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በዓመት 0.5፣ ምናባዊ ዕድሜውም ዜሮ የሆነ ዓሣ በሁለት ዓመቱ 253፣ በአራት ዓመቱ 346፣ በአሥር ዓመቱ 397 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአሥርና በሃያ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ዓሦች ከዚያ በጣም በሚበልጥ ስለሚለያዩ በዚያ ክልል ርዝመት ስለ ዕድሜ ምንም አይናገርም።

ሦስቱን ቁጥሮች ለማግኘት በኤክሴል ውስጥ ያለውን ሶልቨር ወይም አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በመጠቀም በተለካው ርዝመትና በቀመሩ ግምት መካከል ያለውን የልዩነት ካሬ ድምር ትንሹ የሚያደርጉትን ቁጥሮች ይፈልጉ። በናሙናው ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ከሌሉ ቀመሩ ምናባዊውን ዕድሜ ወደ ከዜሮ በታች ሦስትና አራት ይገፋዋል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲገጥም ቁጥሩን እንዳለ ማተም ሳይሆን፣ በዕለታዊ ቀለበት ዕድሜያቸው የታወቀ ወጣት ዓሦችን መጨመር፣ ካልተገኙም መስመሩ ዓሣው በሪፍ ላይ በሚሰፍርበት መጠን እንዲያልፍ ማሰር ይገባል። የመጨረሻ ርዝመትና ፍጥነት አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ተያያዥ ቁጥሮች ናቸውና በተለያየ ቦታ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ ሁለት የዓሣ ስብስቦችን በአንዱ ቁጥር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ ሁለቱ በአንድነት፣ ከነመተማመኛ ክልላቸው፣ ይነጻጸሩ።

ከተለያዩ ሪፎች የመጡ ዓሦችን አስቀድሞ በአንድ ላይ መደባለቅ አይገባም፤ አንድ ዝርያ በሚጎራበቱ ሪፎች ላይ እንኳ የተለያየ መጠን ላይ ሊቆም ይችላል። ጾታን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህ ይብሳል። ፓሮትፊሾች፣ ራስ (wrasse) የሚባሉት ዓሦችና ግሩፐሮች በአብዛኛው ሴት ሆነው ጀምረው ኋላ ወደ ወንድነት የሚለወጡ ናቸው፤ በእነዚህ ዝርያዎች ለወንዶች ብቻ ከዜሮ ዕድሜ የሚነሣ መስመር መሥራት ያልኖሩበትን የወጣትነት ዘመን መፈልሰፍ ነው። ለዝርያው በሙሉ አንድ መስመር አውጥቶ፣ ወንዶቹ በዚያ መስመር ላይ በየትኛው ዕድሜና መጠን እንደሚገኙ በተለየ ምልክት ማሳየት ይሻላል፤ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከፍ ብለው ከተቀመጡም ይህ የሆነው ከለውጡ በፊት ፈጥነው ያደጉት ስለተለወጡ ነው ወይስ ከተለወጡ በኋላ እድገታቸው ስለፈጠነ የሚለውን ለመለየት በየድንጋዩ ላይ ያለውን የቀለበት ስፋት መለካት ያስፈልጋል።